ጎበዝ ተማሪ በጥያቄና መልስ ውድድር ብቻ ያድጋል?

መጀመሪያ የለጠፍኩት ጥያቄ ይኼ ነበር። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ከክፍሉ ቀድሞ የሄደ ልጅ ምን ይደረግለታል? የእህቴ ልጅ 10ኛ ክፍል ናት፤ ሒሳብ ነፍሷ ነው። መምህሩ አምስት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፎ እስኪጨርስ እሷ አራቱን ሠርታለች። ከዚያ ደወሉ እስኪደወል ቁጭ ነው። በዓመት አንዴ የወላጆች ቀን ሲደርስ በጥያቄና መልስ ውድድር ክፍሏን ወክላ ትቀርባለች፣ ታሸንፋለች፣ ይጨበጨብላታል፣ በቃ። እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ የሚያስታውሳት የለም።

ክርክሬም እዚያው ላይ ነው። የእኛ ጥያቄና መልስ የሚሸልመው ፍጥነትንና ሽምደዳን ነው። 30 ሰከንድ ይሰጥሃል። የንጥረ ነገር ምልክት፣ የአገር ዋና ከተማ፣ ጦርነቱ የተካሄደበት ዓመተ ምሕረት። የያዘው ይመልሳል፣ ያልያዘው ያልፈዋል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አገራቸውን ወክለው የሚወዳደሩበት ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሎምፒያድ ግን በጠቅላላው 6 ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። 2 ቀን ይፈጃል፣ በቀን አራት ሰዓት ተኩል። ለአንድ ጥያቄ አንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል ማለት ነው። አንድ ነገር ይዞ አንድ ሰዓት ተኩል መታገልን ልጆቻችን የት ይልመዱት? ከዋንጫው በፊት የሚያስፈልጋቸው በየሳምንቱ የሚገናኙበት ቦታ፣ የሚታገላቸው ጥያቄ፣ እንደነሱ በነገሩ የተለከፈ ጓደኛ ነው ብዬ ጨረስኩ።

መልሱ ጎረፈ። ሁሉንም እዚህ መገልበጥ ስለማይቻል፣ በቁጥራቸው እየጠራሁ ምን እንደተባለ ልንገራችሁ። የራሴንም ጣል አደርጋለሁ።

መልስ 1 በትህትና ነው የጀመረው። ሐሳቡን ደገፈ፤ በእሱ ጊዜ የአንደኛ ሽልማቱ አንድ ደርዘን ደብተርና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንደነበረም አስታወሰ። መዝገበ ቃላቱ እስከ ዛሬ ቤቱ አለ። መልስ 2 ግን ቶሎ አረመችኝ። ሰው ፊት መናገር የማትችል ልጅ ነበረች። ባንዲራ መስቀያው ሥር ቆማ፣ የሚኒ ሚዲያ ልጆች ማይክ ደቅነውባት፣ ሙሉ ትምህርት ቤቱ እያያት መልስ መስጠት ስትጀምር ነው ድምፅ ያወጣችው። ጥያቄና መልስ ለእሷ የዕውቀት ሳይሆን የድፍረት ትምህርት ነበር። እውነቷን ነው። እኔም ውድድሩ ይቅር አላልኩም፤ ብቻውን አይበቃም ነው ያልኩት።

መልስ 3 ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አስቀመጠ። ከመቶው ልጅ ከ90 በላዩ በሚወድቅበት አገር ስለ ጎበዞች መጨነቅ ቅንጦት ነው ባይ ነው። አለፍ ብሎም እኔን ችግር አይቶ የማያውቅ ሰው አደረገኝ። እሱን ትቼዋለሁ። ቁጥሮቹ ግን ትክክል ናቸው፣ ማንም ዝም ብሎ የሚያልፋቸው አይደሉም።

መልስ ያገኘውም ከመልስ 4 ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ናቸው፤ ከዚህ በኋላ እትዬ መምህርት እያልን ነው ሁላችንም የጠራናቸው። ክፍላቸው ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ። ትምህርቱን ለመሐለኛው ሲመጥኑት ከኋላ ያሉት ይጠፋሉ፣ ከፊት ያሉት ያንቀላፋሉ። ሁለቱም የሚጎዱት በአንድ ምክንያት እንደሆነ ነው የጻፉት። ለወደቁት ማጠናከሪያ አለ፤ ስም ይያዛል፣ ይፈረማል፣ ሪፖርት ይደረጋል። ለቀደሙት ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። እሳቸው የሚጠይቁት በጀት አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ክፍል ይከፈት፣ ሰሌዳና ጠመኔ ይኑር፣ ሌላው በእኔ ነው ባይ ናቸው። አንድ ነገር ጨመሩ፣ እሱን ደጋግሜ አነበብኩት። ከባድ ጥያቄ የለመደ ልጅ ሰኞ ዕለት አጠገቡ ለተቀመጠው ልጅ የሚያስረዳበት መንገድ ከመምህር ይልቅ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የቅዳሜው ሰዓት ከወደቁት ተነጥቆ የተሰጠ አይደለም።

መልስ 3 አልረካም። በመልስ 5 ተመልሶ፣ ትርፍ ቅዳሜ ያለው መምህር ያንን ቅዳሜ ፊደል ለከበደው ልጅ መስጠት እንዳለበት ጻፈ። መልስ 6 አግዞት ገባ። ጎበዝ ልጅ የትም ቢጥሉት ይወጣል፤ እኛ በኩራዝ ነው ያጠናነው፤ ማንም አልደገፈንም የሚል ነው ነገሩ። ይህን እየሰማን ነው ያደግነው፣ እኔም አባቴ ሲለው እሰማ ነበር።

መልስ 7 ታሪክ ይዞ መጣ። ፒያሳ አካባቢ አብሮት የተማረ ልጅ ነበር። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት እጁን አውጥቶ የሚያርም ዓይነት ልጅ። አንድ ቀን መምህሩ ቱግ አለበትና ከክፍል አስወጣው። ከዚያ ወዲህ እጁን አውጥቶ አያውቅም። ቀጥሎ መቅረት ጀመረ፣ 11ኛ ክፍል ላይ አቋረጠ። መልስ 7 ሥራ እንደማይንቅ፣ ጓደኛውም ዛሬ በላቡ የሚያድር ሰው እንደሆነ ጽፏል። ጥያቄው ሌላ ነው። በኩራዝ አጥንተው የወጡት ወጥተው ያወሩልናል፤ ያልወጡትን ማን ቆጠራቸው? ከጠቅላላው ክር ውስጥ ለእኔ ትልቁ ነጥብ ይኼ ነው። ይወጣል የምንለው የወጡትን ብቻ ስለምናይ ነው።

መልስ 8 የአምስት ኪሎ የሶፍትዌር ተማሪ ነው፤ መረጃውን በደንብ ነው ያስቀመጠው። የሒሳብ ኦሎምፒያዱ በፈረንጆቹ 1959 ሩማኒያ ውስጥ በ7 አገሮች ተጀመረ። አፍሪካ ምድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ2014 ኬፕ ታውን ነው። አንድ አገር እስከ 6 ተማሪ ይልካል። ተማሪው ከ20 ዓመት በታች መሆን፣ ዩኒቨርሲቲም ያልገባ መሆን አለበት። እያንዳንዱ ጥያቄ 7 ነጥብ ነው፤ ድምሩ 42። ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገርም አነሳ፦ ከተወዳዳሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ሜዳሊያ ይዘው ይመለሳሉ፤ ወርቁ፣ ብሩና ነሐሱም 1 ለ 2 ለ 3 በሚጠጋ ስሌት ይከፋፈላል። ለአህጉሩ ደግሞ ከ1987 ጀምሮ የመላ አፍሪካ የሒሳብ ኦሎምፒያድ አለ። ኮምፒውተር ለሚወዱ በ1989 ቡልጋሪያ ላይ የተጀመረው የኢንፎርማቲክስ ኦሎምፒያድ አለ፤ እዚያ አንድ አገር 4 ልጅ ነው የሚልከው። ለልምምድ ኮድፎርስስ የተባለው የፕሮግራሚንግ ውድድር ድረ ገጽ ነፃ ነው፤ ስልክና ትንሽ ዳታ ያለው ልጅ ጥያቄዎቹን ከቤቱ ሆኖ ማንበብ ይችላል።

መልስ 9 ልጁን በቀጥታ የት እንደሚያስመዘግብ ጠየቀ። መልስ 10 ደግሞ በራስ ተነስቶ መመዝገብ እንደማይቻል፣ የሚጋበዘው አገር እንደሆነና ልጆቹን አገሩ ራሱ መርጦ እንደሚልክ አስረዳው። እስከዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ ግን ሆድ የባሰው ነገር ወጣ። የማጣሪያ ማስታወቂያ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ በቴሌግራም ሲዞር ቆይቶ ተማሪው ጋ ሲደርስ ቀኑ አልፏል። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤት ቀድሞ ይሰማል፤ የመንግሥቱ የሚሰማው ውጤቱ ሲለጠፍ ነው። እኔም አንድ ጊዜ የእህቴን ልጅ ይዤ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ምዝገባው ትናንት መዘጋቱ ተነገረን። ማስታወቂያው ግን በዚያው ጠዋት ነበር ግድግዳው ላይ የተለጠፈው፤ ሙጫው ገና አልደረቀም።

መልስ 11 የግል ትምህርት ቤት ወላጅ ናት፤ ተቆጣች። ልጇ ያገኘውን ዕድል ያገኘው እሷ በየቢሮው ዞራ፣ ስልክ ደውላ፣ ለምና እንደሆነ፣ እሷን እንደ ቀማኛ ማየት ተገቢ እንዳልሆነ ጻፈች። ልክ ናት። ወላጅ ሮጠ ተብሎ አይወቀስም። ግን ለመሮጥ ጊዜ የሌላት እናትስ? ጉሊት የምትነግድ እናት የሥራ ቀኗን ዘግታ ቢሮ ለቢሮ መዞር አትችልም። መረጃው ሯጭ መፈለጉ ራሱ ነው ችግሩ።

መልስ 12 እዚሁ ያለውን ዘረዘረ፤ ለብዙ ሰው የጠቀመው ይኼ ይመስለኛል። ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት በየክልሉ ያሉት የሳይንስ ማዕከላትና በየዓመቱ የሚያዘጋጀው የሳይንስና የምህንድስና ዐውደ ርዕይ፤ ቢሾፍቱ ያለው የፎቃ ማዕከል። አይኮግ ላብስ የጀመረው ሶልቭ አይቲ የተባለው የፈጠራ ውድድር። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) በክረምት የሚሰጠው የሳይበር ታለንት ሥልጠና። ቡራዩ ያለው የተሰጥኦ ማበልጸጊያ ተቋም። ማንበቢያ ቦታ ለሚፈልግ ደግሞ አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርኆት ቤተ መጻሕፍት አለ። መልስ 13 ወዲያው ቅር አላት። ሁሉም ኮዲንግ ሁሉም ሮቦት ሆነ፤ ዝም ብሎ ሒሳብ የሚወድ፣ ግጥም የሚጽፍ፣ ክርክር የሚችል ልጅ የት ይሂድ ነው ጥያቄዋ። ከእሷ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ሰው ስለ ሥነ ጽሑፍ ክበብ መዳከም ጻፈ፤ እሱ ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል።

ከዚያ መልስ 14 ክርክሩን ሁሉ ትቶ ጥያቄ ለጠፈ። የ1959ኙ የመጀመሪያው ኦሎምፒያድ ቁጥር 1 ጥያቄ ነው። ሀ የትኛውም የተፈጥሮ ቁጥር ቢሆን፣ (21ሀ+4)/(14ሀ+3) የሚለው ክፍልፋይ ከዚያ በላይ ሊቃለል እንደማይችል አረጋግጡ። ይኼው ነው።

መልስ 15 ቁጥር እየከተተ ሞከረ። ሀ 1 ሲሆን 25/17። 2 ሲሆን 46/31። 3 ሲሆን 67/45። የትኛውም አይቃለልም፤ ስለዚህ እውነት ነው ብሎ ደመደመ። መልስ 16 ባሰበት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ከ1 እስከ 100 ሺህ አስሞክሮ አንድም የሚቃለል እንዳላገኘ፣ ጉዳዩም እንደተዘጋ አወጀ። መልስ 17 አልታገሠውም፤ ቃሉም ሻካራ ነበር። ሀ×ሀ+ሀ+41 የሚለውን እንዲሞክር ነገረው። ከ0 እስከ 39 ያለውን ሁሉ ክተት፣ የሚወጣው ፕራይም ቁጥር ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የለም። 40 ስትከት ግን 1681 ይመጣል፤ እሱ ደግሞ 41×41 ነው። 40 ጊዜ እውነት የሆነ ነገር ቀጥሎ ሊያፈርስህ ይችላል። 100 ሺህ መሞከር ብዙ መሞከር ነው እንጂ ማረጋገጥ አይደለም። አነጋገሩ ባይጣፍጥም ትምህርቱ ትልቅ ነው። በትምህርት ቤት ለዓመታት ስንማር ይህን ልዩነት በግልጽ የነገረን ስንት መምህር ነበር?

መልስ 18 ራሱን የ9ኛ ክፍል ተማሪ ብሎ ነው ያስተዋወቀው፤ ታላቆቹን ይቅርታ እየጠየቀ። የላይኛውንና የታችኛውን እኩል የሚያካፍል አንድ ቁጥር አለ እንበል ብሎ ጀመረ። የላይኛውን በ2 ብናባዛው 42ሀ+8 ይሆናል። የታችኛውን በ3 ብናባዛው 42ሀ+9። ያ ቁጥር ሁለቱንም የሚያካፍል ከሆነ ልዩነታቸውንም ያካፍላል። ልዩነታቸው 1 ነው። 1ን እኩል የሚያካፍል ደግሞ 1 ብቻ ነው። ስለዚህ የሚቃለልበት መንገድ የለም። አለቀ። ኮምፒውተር የለም፣ 100 ሺህ ሙከራ የለም፣ ቀመር መሸምደድ የለም። ልጁ ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅ ማታ ከእራት በኋላ ይዞት እንደቆየ፣ መጀመሪያ በመቀነስ ሞክሮ እንዳልሆነለት፣ ከዚያ 21ንም 14ንም ወደ 42 ማምጣት እንደሚቻል እንደታየው ጻፈ። ለዚህ ልጅ 30 ሰከንድ ሰጥተን ቢሆን ኖሮ አልቻለም ብለን አልፈነው ነበር።

መልስ 19 የአብነት ትምህርት የተማረ ሰው ነው፤ ነገሩን ወደ ባሕረ ሐሳብ፣ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ወሰደው። እንዲህ ያለው የቀሪ ስሌት ለእኛ አዲስ እንዳልሆነ ለማሳየት የ2018 ዓ.ም.ን ሠራው። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518። ለ19 ሲገደፍ (ማለትም ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) 13 ይቀራል፤ አንዱ ተነስቶ ወንበሩ 12። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 132፣ ለ30 ሲገደፍ 12፤ አበቅቴ ይኼ ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 228፣ ለ30 ሲገደፍ 18፤ መጥቅዕ ይኼ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ነው። መልስ 20 የትምህርት ቤት ክር ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ነገር ለምን ይገባል ብሎ ተቃወመ። እትዬ መምህርት በመልስ 21 ገላገሉ። ለማንም ተማሪ፣ የየትኛውም እምነት ይሁን፣ ለምን ድምራቸው 30 ሆነ የሚለው ጥሩ ጥያቄ እንደሆነ ጻፉ፤ መልሱንም አልሰጡም። የ9ኛ ክፍሉ ልጅ ግን ብዙም ሳይቆይ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ ነው ብሎ መለሰ። እኔ በበኩሌ ይህን ጥያቄ ከማንኛውም የጦርነት ዓመተ ምሕረት ጥያቄ በፊት ለተማሪ አቀርበዋለሁ።

መልስ 22 ስለ ሴት ልጆች ነው፤ ማንም ቀድሞ አላነሳውም ነበር። ጸሐፊዋ ኢራናዊቷን የሒሳብ ሊቅ ማርያም ሚርዛኻኒን ጠቀሰች፤ በፈረንጆቹ 1994ና 1995 በኦሎምፒያዱ ወርቅ፣ በሁለተኛው 42 ከ42፣ በ2014 ደግሞ ታላቁን የሒሳብ ሽልማት የፊልድስ ሜዳሊያን በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት። ከዚያ ወደ እኛ መጣች። ከትምህርት በኋላ የሚደረግ ክበብ ሁሉ ሲጀመር ሴቶች አሉ፣ በሁለተኛው ወር የሉም። ምክንያቱ ችሎታ አይደለም። ከ11 ሰዓት በኋላ የታክሲ ሰልፍ ላይ ልጄ አትቆምም የሚል ወላጅ አለ፤ ቤት ስትደርስ የሚጠብቃት ሥራ አለ። ስለዚህ ምንም ነገር ብትጀምሩ ሰዓቱን ጠዋት አድርጉት ነው ምክሯ። በጣም ቀላል፣ በጣም ትክክል።

መልስ 23 አባት ነው። የጻፈው ለሌሎች ወላጆች ነው፤ ለስለስ ያለ ነገር። ልጁን ለውጭ ስኮላርሺፕ ሰርቲፊኬት ይጠቅማል ብሎ ውድድር ለውድድር ሲያዞረው ከርሞ፣ ልጁ አንድ ማታ ሒሳብ እንደጠላ ነግሮታል። ትንሽ ልጅ ሳለ የመኪና ታርጋ ቁጥር እየደመረ የሚስቅ ልጅ ነበር። መልስ 3 ይህን ሲያይ እንደገና ብቅ አለ፤ አሁንም አልተስማማም። ግን ያመጣው ጥያቄ ፍትሐዊ ነው፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ መግቢያ ፈተና ከፊቱ ተደቅኖ ኦሎምፒያድ ሲሠራ ቢወድቅ ተጠያቂው ማነው? እትዬ መምህርት የሚቀበሉት ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያለውን ብቻ እንደሆነ፣ ውጤት እንደማይመዘገብ፣ ደረጃ እንደማይወጣ፣ የደከመው ልጅ ሳምንቱን ሊቀር እንደሚችል መለሱለት። ከዚያ በኋላ ዝም አለ፤ ይስማማ አይስማማ አላውቅም።

ከመልስ 24 ወዲህ ያለው ሥራ ነው። የእትዬ መምህርት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር አንድ ክፍል ፈቅደዋል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት። የአምስት ኪሎው ተማሪ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር እየተፈራረቀ ሊያሠራ ተስማምቷል። መልስ 17 የድሮ ጥያቄዎችን ወደ አማርኛ መልሶ፣ ፎቶ ኮፒውን በራሱ ወጪ ሊያቀርብ ቃል ገብቷል፤ ቃሉ ሻካራ ቢሆንም ሰውዬው ሥራ ላይ ጠንካራ ነው። የእህቴ ልጅም ትገባለች። ትምህርት ቤቱ የት እንደሆነ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ልጆቹ ስላሉበት በአደባባይ አልለጥፈውም። የጎደለን ፊዚክስ የሚያሠራ ሰው ነው። በወር ሁለት ቅዳሜ የሚችል ካለ፣ እባካችሁ።